ካንሰር ያልሆነ የአንጎል ዕጢ ወደ ሕጻናት ኅብለ ሰረሰር ሲሠራጭ

ልጁ የአንጎል ዕጢ እንዳለበት የተነገረው ወላጅ ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ "ካንሰር ነው ወይ?" የሚል ነው። "አይደለም" የሚል ምላሽ ሲያገኝ ትልቅ እፎይታ ይሰማዋል። እፎይታውም ተገቢ ነው፤ በሕጻናት አንጎል ላይ ከሚወጡ ዕጢዎች ብዙዎቹ በዝግታ የሚያድጉ እና በሕክምና መልካም ውጤት የሚገኝባቸው ናቸውና። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዕጢዎች ጥቂቶቹ ከተነሡበት ቦታ ርቀው በኅብለ ሰረሰር ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ይህ ሲያጋጥም ቤተሰብ በሁለት ስሕተቶች መካከል ይቆማል። የመጀመሪያው "ካንሰር አይደለም ተብለናል" በማለት ክትትልን ማቋረጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ተሠራጭቷል" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ተስፋ ቆርጦ ልጅን ከሕክምና መመለስ ነው። ሁለቱም ስሕተቶች ሊድን የሚችል ልጅ ዐይኑን፣ እግሩን ወይም ሕይወቱን እንዲያጣ ምክንያት ይሆናሉ።

"ካንሰር ያልሆነ" ማለት ምን ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን እንደ ጠባያቸው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባቸዋል። ደረጃ 1 እና 2 ዝቅተኛ ደረጃ ተብለው የሚጠሩ ሲሆን ሕዋሳታቸው በዝግታ ይራባሉ። ደረጃ 3 እና 4 በፍጥነት የሚያድጉ፣ በተለምዶ ካንሰር የሚባሉት ናቸው።

በአንጎል ውስጥ ከነርቭ ሕዋሳት ጎን ለጎን እነርሱን የሚደግፉና የሚመግቡ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሡ ዕጢዎች "ግሊዮማ" ይባላሉ። ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ግሊዮማዎች በሕጻናት ላይ ከሚታዩ የአንጎል ዕጢዎች ሁሉ በብዛት ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙ ሲሆን ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ከእነርሱም መካከል በብዛት የሚታወቀው "ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ" የተባለው ደረጃ 1 ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሰውነትን ሚዛን በሚቆጣጠረው ንዑስ አንጎል ላይ ነው። የዐይን ነርቮች በሚገናኙበትና ከዚያ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል፣ እንዲሁም በአንጎል ግንድ ላይም ይወጣል።

የዕጢው ጠባይ የተረጋጋ መሆኑ ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የራስ ቅል ዙሪያውን በአጥንት የተዘጋ በመሆኑ በውስጡ ትርፍ ቦታ የለም። በእጅ ወይም በጀርባ ቆዳ ሥር ቢወጣ ለዓመታት የማይጎዳ ዕጢ በአንጎል ውስጥ ሲሆን ነርቭን ይጫናል፤ የፈሳሽ መተላለፊያንም ይዘጋል። ስለዚህ በአንጎል ዕጢ ላይ የዕጢው ዐይነት ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታም የልጁን ዕጣ ይወስናል።

ዕጢው ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርድበት መንገድ

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በአንድ ዐይነት ሽፋን የተጠቀለሉ ሲሆኑ በሽፋኑ ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ይዘዋወራል። በአዋቂ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኘው የፈሳሽ መጠን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በየቀኑ የሚመረተው ግን ግማሽ ሊትር ገደማ በመሆኑ ፈሳሹ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይታደሳል። ከአንጎል ውስጥ ተነሥቶ ኅብለ ሰረሰርን ያጥባል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

አርሶ አደሮች የመስኖ ውኃ ምን ይዞ እንደሚወርድ ያውቃሉ። በላይኛው ማሳ ላይ ያፈራ አረም ዘሩን በቦዩ ላይ ካራገፈ፣ ውኃው ዘሩን ይዞ ወደ ታችኛው ማሳ ይወስደዋል። አብዛኛው ዘር በመንገድ ይቀራል፤ ውኃው ረጋ በሚልበት ቦታ ያረፈው ግን ሊበቅል ይችላል። ከዕጢው የሚላቀቁ ሕዋሳትም በዚሁ መንገድ በፈሳሹ ተወስደው በኅብለ ሰረሰር ሽፋን ላይ፣ በተለይም ወደ ወገብ ባለው የታችኛው ክፍል ላይ ያርፋሉ። አንዳንዶቹ ትናንሽ እብጠቶች ይፈጥራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሽፋኑን እንደ ስስ ቅባት ይለብሱታል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እነዚህ ዕጢዎች ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት መሄዳቸው እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዕጢው ቦታ ስለ ለወጠ ብቻ ጠባዩን ለውጦ ካንሰር ሆኗል ማለት አይደለም። በኅብለ ሰረሰር ላይ የተገኘው ክፍል ተወስዶ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ እንደ መጀመሪያው በዝግታ የሚያድግ ዕጢ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጁ ጋር አብሮ መብላት፣ መተኛትም ሆነ መጫወት ወንድምና እኅቶቹን አይጎዳም።

የትኞቹ ሕጻናት ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው?

ሥርጭቱ የጥቂቶች ችግር ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ግሊዮማ ከሚገኝባቸው 100 ሕጻናት ውስጥ ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚያጋጥም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በአንዳንዶቹ ላይ ሥርጭቱ በመጀመሪያው ምርመራ ይገኛል። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው ወራት ወይም ዓመታት በኋላ ይታያል።

ዕጢው የዐይን ነርቮች በሚገናኙበት አካባቢ የወጣባቸው ሕጻናት ከሌሎቹ ይልቅ ተጋላጭ ናቸው። በዚያ ቦታ ያለ ዕጢ ወደ ፈሳሹ ማጠራቀሚያ የቀረበ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ለማውጣትም አስቸጋሪ ነው። በጨቅላ ዕድሜ የተገኘ ዕጢም ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። "ፓይሎሚክሶይድ አስትሮሳይቶማ" የሚባለው የቅርብ ዘመድ ዕጢ ደግሞ ከፓይሎሲቲክ ይልቅ የመሠራጨት ዝንባሌ አለው።

ከእነዚህ ሌላ፣ ከመነሻው በሽፋኑ ላይ ተዘርግቶ የሚገኝ ዕጢ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2016 ባወጣው የዕጢዎች ምደባ ራሱን የቻለ ስም የተሰጠው ይህ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ በሕጻናት ላይ የሚታይ ሲሆን፣ በብዛት ቀስ ብሎ የሚያድግ ሆኖ ሳለ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ሽፋን ያዳርሳል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ በእርግዝና ወቅት የተበላ ምግብ፣ የወደቀ ልጅ ወይም የተጣለ እርግማን ምክንያት የሆነ ይመስላቸዋል። በብዙዎቹ ሕጻናት ላይ የችግሩ መነሻ በራሱ በዕጢው ሕዋስ ውስጥ የተፈጠረ የዘረ መል ለውጥ ነው። "ብራፍ" በተባለው ዘረ መል ላይ የሚደርሰው ለውጥ ሕዋሱ ያለ ትእዛዝ እንዲራባ ያደርገዋል። ይህ ለውጥ በወላጆች ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ በአብዛኛውም ከወላጅ አይወረስም። ልዩ የሆነው "ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዐይነት 1" የተባለው በዘር ሊተላለፍ የሚችል ሕመም ነው። ይህ ሕመም ያለባቸው ሕጻናት በቆዳቸው ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ ቡናማ ጠቃጠቆዎች ይታዩባቸዋል፤ በዐይን ነርቭ ላይ ዕጢ የመውጣት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነው።

በቤት ውስጥ ሊስተዋሉ የሚገባቸው ምልክቶች

በአንጎል ውስጥ ያለ ዕጢ ዋና ምልክቶች ጠዋት ጠዋት የሚበረታ ራስ ምታት፣ ያለ ተቅማጥና ያለ ትኩሳት የሚደጋገም ማስመለስ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የዐይን መንሸዋረር ወይም የእይታ መቀነስ፣ አንገትን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል እና የትምህርት መድከም ናቸው። የራስ ቅሉ ገና ባልገጠመ ጨቅላ ላይ ራስ ምታቱ ስለማይነገር ምልክቱ የጭንቅላት መጠን በፍጥነት መጨመርና የእርግብግቢት መወጠር ይሆናል።

በጨቅላዎች ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ሌላ ምልክት አለ። በዐይን ነርቮች መገናኛ አካባቢ ዕጢ ያለበት ሕጻን በሚገባ እየበላ እጅግ ይከሳል፤ ቁመቱ ግን ይጨምራል፤ ንቁና ፈገግተኛም ሊሆን ይችላል። ዐይኖቹ ያለ ፈቃዱ ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ልጅ የምግብ እጥረት እንዳለበት ተቆጥሮ ለወራት አልሚ ምግብ ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ምግቡ ተሰጥቶት ክብደቱ የማይጨምር፣ ዐይኑም የሚንቀጠቀጥ ሕጻን ለአንጎል ምርመራ መላክ አለበት።

ዕጢው ወደ ኅብለ ሰረሰር በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል። ክትትል ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምልክት ሲኖር ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ የጀርባ ወይም የእግር ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መውደቅ፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ የጀርባ መጣመም፣ እንዲሁም ቀድሞ ሽንቱን ይቆጣጠር የነበረ ልጅ መልሶ መቆጣጠር አለመቻል ይታያል። የእግር መዛል ከሽንት ወይም ከሰገራ አለመቆጣጠር ጋር ከመጣ ድንገተኛ ሕመም ነው። ኅብለ ሰረሰር ተጭኖ በቆየ ቁጥር እግር ወደ ቀድሞው የመመለስ ዕድሉ ስለሚቀንስ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ጀርባውን ያመመውን ልጅ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ወይም ማስጎተት አይገባም። ምክንያቱ ያልታወቀን የጀርባ ሕመም መጫንና መጎተት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ከሳንባ ነቀርሳና ከማጅራት ገትር ጋር መመሳሰል

እያንዳንዱ የጀርባ ሕመም ዕጢ አይደለም። በኢትዮጵያ የአከርካሪ ቲቢ፣ በቲቢ የሚመጣ የአንጎል ሽፋን ሕመም እና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ከዕጢ ይልቅ በብዛት ይታያሉ። ሐኪም አስቀድሞ እነርሱን መጠርጠሩ ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ በሽፋኑ ላይ የተዘረጋ ዕጢም ሆነ የቲቢ ሕመም በምስል ምርመራ ሲታዩ ሊመሳሰሉ መቻላቸው ነው፤ ሁለቱም ሽፋኑን ያደምቁታል፤ ሁለቱም የአንጎል ፈሳሽ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ። በዚህ ምክንያት ዕጢ ያለባቸው ሕጻናት የቲቢ መድኃኒት ሲወስዱ መቆየታቸው በተለያዩ አገራት ተመዝግቧል።

ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ልጅ በተገቢው ጊዜ ለውጥ ካላሳየ ወላጆች ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይገባቸዋል። መድኃኒቱን በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ ግን የለባቸውም።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

ዋናው ምርመራ ኤምአርአይ ነው። ሲቲ ስካን በአንጎል ውስጥ ያለ ዕጢንና የፈሳሽ መጠራቀምን ለማሳየት ይጠቅማል፤ በኅብለ ሰረሰር ሽፋን ላይ ያለን ስስ ሥርጭት ለማየት ግን አይበቃም። ሥርጭት ሲጠረጠር አንጎልና ሙሉ ኅብለ ሰረሰር፣ በደም ሥር የሚሰጥ አድማቂ ንጥረ ነገር ታክሎበት፣ በኤምአርአይ ይታያል። የሚቻል ከሆነ ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወዲያው ከተነሣ ወደ ታች የወረደ ደም ዕጢ መስሎ ሊያሳስት ስለሚችል ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል።

ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ተቀድቶም የዕጢ ሕዋሳት መኖራቸው ይመረመራል። ይህ ምርመራ በአንጎል ውስጥ ግፊት ባለበት ልጅ ላይ አደገኛ በመሆኑ የሚደረገው ሐኪሙ የምስል ውጤቱን ካየ በኋላ ነው። ፈሳሹ ነጻ ሆኖ መገኘቱም ሥርጭት የለም ለማለት ብቻውን አያበቃም። የዕጢው ዐይነት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሲመረመር ነው።

ሕክምናው

በብዙ ሕጻናት ላይ አስቀድሞ የሚፈታው የፈሳሽ መጠራቀም ነው። ነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ይቀብራሉ ወይም በአንጎል ውስጥ ሌላ መተላለፊያ ይከፍታሉ። ቀጥሎ ዕጢውን በተቻለ መጠን ማውጣት ይሞከራል። በንዑስ አንጎል ላይ ያለና ሙሉ በሙሉ የወጣ ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ሕክምና አይፈልግም።

በኅብለ ሰረሰር ላይ የተበተነውን ሁሉ በቀዶ ሕክምና ለቅሞ ማውጣት ስለማይቻል መድኃኒት ያስፈልጋል። ለረዥም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ኬሞቴራፒ "ካርቦፕላቲን" እና "ቪንክሪስቲን" የተባሉ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ነው፤ ሕክምናው ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። "ቪንብላስቲን" የተባለው መድኃኒትም በየሳምንቱ እየተሰጠ ብቻውን ያገለግላል። የሕክምናው ግብ ሁልጊዜ ዕጢውን ከሥሩ ማጥፋት አይደለም። ዕጢው እንዲቆም ወይም እንዲቀንስ አድርጎ ልጁ ከነዐይኑና ከነእግሩ እንዲያድግ ጊዜ መግዛትም ትልቅ ውጤት ነው፤ ብዙዎቹ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ዕጢዎች ልጁ ወደ አዋቂነት ሲደርስ እድገታቸው ይገታልና።

በቅርብ ዓመታት የዘረ መል ለውጡን ለይተው የሚያጠቁ መድኃኒቶች መጥተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር "ዳብራፌኒብ" እና "ትራሜቲኒብ" የተባሉት በአንድነት እንዲሰጡ እ.አ.አ. በ2023፣ "ቶቮራፌኒብ" የተባለው ደግሞ በ2024 የብራፍ ለውጥ ላለባቸው ሕጻናት እንዲውሉ ፈቅዷል። በአፍ የሚወሰዱ በመሆናቸው ለልጆች ይመቻሉ። ዋጋቸው ግን እጅግ ከፍተኛ ነው፤ የዘረ መል ምርመራም ይፈልጋሉ።

መላውን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በጨረር ማከም የልጅን የአእምሮ እድገት፣ ቁመትና ሆርሞን ስለሚጎዳ በተለይ በትናንሽ ልጆች ላይ በተቻለ መጠን ይዘገያል። በአንጻሩ ሥርጭቱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ባለበት የሚቆምባቸው ልጆችም አሉ። ለእነርሱ ሐኪሙ መድኃኒት ሳይሰጥ በቅርብ መከታተልን ሊመርጥ ይችላል። ይህ ቸልታ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የሕክምና ውሳኔ ነው።

ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ግሊዮማ ኖሮባቸው ተገቢ ሕክምና ከሚያገኙ ሕጻናት ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። ሥርጭት ባለባቸው ላይ ይህ ዕድል ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ለረዥም ዓመታት ይኖራሉ፤ ይማራሉ፤ ያድጋሉ።

በኢትዮጵያ ያለው ዕድል

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.አ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሠልጣኞቹ ከመዲናዋ ውጭም ያገለግላሉ። የሕጻናት ካንሰር ሕክምና ክፍሎችም በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በጎንደር፣ በጅማ እና በመቀሌ ተቋቁመዋል። ዕጢው በደረጃው ካንሰር ባይባልም ኬሞቴራፒው የሚሰጠው በእነዚሁ ክፍሎች ስለሆነ፣ ወላጆች ወደ ካንሰር ክፍል ሲላኩ የተደበቀ ነገር ያለ ሊመስላቸው አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2018 በጀመረው የሕጻናት ካንሰር ንቅናቄ ቅድሚያ ከሰጣቸው ስድስት ሕመሞች አንዱ ይኸው ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ግሊዮማ ነው። የንቅናቄው ግብ በ2030 በዓለም ዙሪያ ካንሰር ከሚይዛቸው ሕጻናት ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲተርፉ ማድረግ ነው። በበለጸጉ አገራት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲድኑ በዝቅተኛ ገቢ አገራት የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች እንደሆኑ ድርጅቱ ይገልጻል። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱ ምክንያቶች ዘግይቶ መታወቅና የተጀመረን ሕክምና ማቋረጥ ይገኙበታል።

ቤተሰብ ምን ማድረግ አለበት?

ምልክቶቹን ያየ ቤተሰብ በመጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ማሳየት፣ ከዚያም የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ቅደም ተከተሉን መጠበቅና መታወቂያቸውን በየዓመቱ ማደስ ይጠበቅባቸዋል። የትኛው ምርመራና መድኃኒት በመድኑ እንደሚሸፈን ከጉዞ በፊት መጠየቅ በመንገድ ከመቸገር ያድናል።

የኤምአርአይ ፊልም ወይም ሲዲ፣ የፓቶሎጂ ውጤት እና የቀዶ ሕክምና ማጠቃለያ በአንድ ቦርሳ መቀመጥ አለባቸው። አዲስ የተነሣ ምስል ትርጉም የሚያገኘው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ነው። የክትትል ቀጠሮው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጥቂት ወራት፣ ከዚያም እየራቀ ይሄዳል። ቀጠሮው ከአዝመራ ስብሰባ ወይም ከበዓል ጋር ከተጋጨ መቅረት ሳይሆን አስቀድሞ ደውሎ ማዛወር ይሻላል።

ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ቱቦ የተቀበረለት ልጅ እንደገና ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ድብታ ከጀመረው ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ አስቸኳይ ነው።

ጸሎትና ጸበል ለቤተሰብ ብርታት ይሰጣሉ፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄዱም ይችላሉ። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው። ከሩቅ ለሚመጡ ቤተሰቦች በአዲስ አበባ ማረፊያና ድጋፍ ከሚሰጡት አንዱ ተስፋ አዲስ በሚል ስም የሚታወቀው የካንሰር ሕሙማን ሕጻናት ወላጆች ድርጅት ነው። በሆስፒታሉ ያሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችንም ስለ ማረፊያና ስለ ትራንስፖርት መጠየቅ ይቻላል።

"ካንሰር አይደለም" የተባለ ወላጅ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል፤ "የሚቀጥለው ክትትል መቼ ነው?" የሚል። "ተሠራጭቷል" የተባለውም እንዲሁ "ሕክምናው ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አለ፤ መልሱን ይዞ የተመለሰ ቤተሰብም ለልጁ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕድል ሰጥቷል።